ሰላም የማይሉት

አባቴ መጀመሪያ ያየው ምንጣፍ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጠዋት ሻዩን እየጠጣ፣ «ጎረቤት አጥሩ ላይ ምንጣፍ አስጥቷል እንዴ?» አለኝ። አጥሩን አየሁት። ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ጫፉ ላይ የተኛች ድመት፣ ሌላ ምንም። «የለም» አልኩት። «ደህና አበባ ያለው ምንጣፍ ነው» ብሎ ሻዩን ጨረሰ። የቀለደ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ መጡ። ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ አገጩን ወደ ግቢው ቀና አድርጎ፣ «እነዚህ ልጆች ዛሬ ትምህርት የላቸውም?» አለ።

«የትኞቹ ልጆች?»

«የተሰለፉት ናቸዋ።»

ግቢያችን ውስጥ የነበሩት አንድ የፓፓያ ዛፍ፣ የውሃ ታንከርና አባቴ መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው ብስክሌቱ ናቸው። «አባዬ፣ ልጅ የለም እኮ» አልኩት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዩኒፎርማቸውን አላውቀውም።»

አባቴ በሀዋሳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። የከተማውን ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዩኒፎርማቸው ቀለም ያውቃቸዋል፤ ዓይኑ ደህና በነበረ ጊዜ መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደፎረፈ ከሩቅ ይነግረው ነበር። ስለዚህ የማያውቀው ዩኒፎርም ለእሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ልጆቹ ኮፍያ አድርገዋል አለኝ። ቁመታቸው ከጉልበት አይበልጥም። አይጮሁም፣ አይጋፉም፣ አንዱም ከሰልፍ አይወጣም። «በኖርኩበት ሙያ እንዲህ ያለ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም» አለ።

ዓይኑ የታመመው ቀስ በቀስ ነው። የዓይን ግፊት ነው ያሉት። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀኙ የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርግለታለሁ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። በየእሁዱ ይደውላል፤ በየእሁዱም ያንኑ ይላል፦ «ዓይኑን እንችለዋለን። ሌላ ነገር ከጀመረው ግን፣ መርሳት፣ መቃዠት፣ እንዲያ ያለ ነገር ካየሽበት፣ በማግስቱ መጥቼ እወስደዋለሁ። ቤቱን እናከራየዋለን።» የስልኬ ድምፅ ከፍ ብሎ ነው የሚሰማው። አባቴም ይሰማል።

አባቴ ይህን ቤት በእግሩ ያውቀዋል። ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ የበረንዳው ደረጃ የቱ ጋ እንደተሸረፈ፣ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ለመድረስ ስንት ጊዜ መታጠፍ እንዳለበት። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ሶፋ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው የምሆነው ይላል። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ይህንን ለወንድምሽ አትነግሪውም» አለኝ። ትንሽ ቆየና ጨመረ። «ለአክስትሽም። ጠበል ካልገባ ትላለች። ጠበሉን አልጠላም፤ ግን ሰይጣን ያደረበት ተብዬ አልሄድም።»

እኔ በዚያን ጊዜ የጥርጣሬ ሊቅ ነበርኩ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በእጄ ያልፋል። ተማሪው ሃንድአውቱን ሰጥቶኝ ምሳ ሊበላ ሲሄድ፣ ማሽኑ እያተመ እኔ አነባለሁ። የሕጉንም፣ የአፈር ሳይንሱንም፣ ሁሉን ከመሃል ጀምሬ ከመሃል አቆማለሁ። የፍልስፍና መግቢያውን ግን ከዳር እስከ ዳር ጨርሼዋለሁ፤ አንደኛ ዓመቶች በየዓመቱ ያንኑ ይዘው ነው የሚመጡት። ዓይን ያሳስታል ይላል። ጆሮም፣ እጅም። ህልም ውስጥ ያለ ሰው ህልም ውስጥ መሆኑን አያውቅም ይላል። ያን ካነበብኩ በኋላ ለወራት ማንንም አላስቀመጥኩም። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ «ይሄ ብርጭቆ መኖሩን በምን ታውቃለህ?» እላለሁ። አንዱ ጓደኛዬ፣ «ስሰብረው ባለቤቷ ስትጮህብኝ» አለኝ። ያልገባው መሰለኝ።

ግጥምም ጻፍኩ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በወር አንድ ቀን ወጣቶች እየተሰበሰብን ግጥም እናነባለን። እዚያ አነበብኩት፤ ተጨበጨበልኝ። አጀማመሩ እንዲህ ነበር፦

ዓይን ዘበኛ ነው፣ በር ላይ የቆመ፤
ያላየውን ሁሉ፣ አየሁ ሲል ከረመ።

ቤት መጥቼ ለአባቴ አነበብኩለት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ዘበኛው ታሞ ቢሆንስ?» አለ። ግጥም አይገባውም ብዬ ተውኩት።

ተማሪዎቹ ሲመጡ ታዲያ ከድንጋጤዬ ቀጥሎ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ሃንድአውቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እኛ ግቢ ውስጥ ተሰልፎ መጣ። አባቴን በጥያቄ አደከምኩት። ቀለማቸው ደማቅ ነው ወይ፣ ጥላ አላቸው ወይ፣ ዓይንህን ስትጨፍን ይቆያሉ ወይ። እሱም እንደ ጥሩ መምህር አንድ በአንድ መለሰልኝ። ቀለማቸው ከእውነተኛው ሰው ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ጥላ የላቸውም፤ ግን ጥላ አለ የለም ብሎ ለማጣራት የእሱ ዓይን አይበቃም። ሲጨፍን ይጠፋሉ።

ስምምነታችን ቀላል ነበር። እሱ አንድ ነገር ሲጠራጠር አገጩን ወደዚያ ቀና ያደርግና፣ «አለ?» ይለኛል። እኔ አይቼ «አለ» ወይም «የለም» እለዋለሁ። ሌላ ቃል አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ መንገድ ስንሻገር፣ ማንም ሳያውቅብን እንዲህ እያልን እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ብቻ ባጃጅ ልንሳፈር ስንል የኋላ ወንበሩ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው አየና፣ «አለ?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሹፌሩ ዞሮ፣ «አለ አለ፣ ይግቡ ጋሼ» አለው፤ ባዶ ቦታ የጠየቀው መስሎት። አባቴ እስከ ባህል አዳራሽ ድረስ ለባርኔጣው ሰውዬ ቦታ ትቶ፣ ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

እኔ ሥራ በምሆንበት ሰዓት ደግሞ የራሱን ሕግ አወጣ። የሚያያቸው ሰዎች አንዳቸውም ሰላም አይሉም። ይህን ለሳምንታት አጥንቶታል። በሰፈራችን ደግሞ «እንዴት አደሩ መምህር፣ ቤተሰብ ደህና፣ ዓይንዎ እንዴት ነው» ሳይል በአባቴ ፊት የሚያልፍ የለም፤ ሕፃን እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ በአማርኛ ያልሆነለት በሲዳምኛ። ስለዚህ ሰላም ያለ ሰው አለ፤ ሰላም ያላለ የለም። የሌለውን ደግሞ ዶሮ እንደሚያባርር በእጁ ጀርባ፣ «ሂድ ወዲያ» ይለዋል። ዓይኑን ወደ ሌላ ሲያዞር በራሳቸው ይጠፋሉ፤ እሱ ግን ማባረሩን ወደደው። «ሥራ ላይ ሳለሁ ተማሪ ማባረር እንዲህ ቀላል አልነበረም» ይል ነበር።

«እኔስ?» አልኩት አንድ ቀን። «እኔ መኖሬን በምን ታውቃለህ?»

«አንቺማ ትጨቀጭቂያለሽ» አለ። «እነሱ ጨዋ ናቸው።»

«ህልም ላይም ሰው ይጨቀጭቃል።»

«ህልም ላይ ጠብታ የሚያደርግልኝ የለም። ያንቺ ጠብታ ያቃጥላል።»

እሁድ እሁድ ከሰዓት ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። አንድ ቀን አንድ ቀዛፊ ጀልባውን ዳር ላይ እያሰረ ሳለ መቅዘፊያውን ግማሹን ውሃ ውስጥ ትቶት አየሁ። ውሃውን የነካው ጋ ሲደርስ እንጨቱ ተሰብሯል። «ይኸው አባዬ» አልኩ፣ «ያንተ ዓይን ብቻ አይደለም የሚያሳስተው። እኔም መቅዘፊያው ተሰብሮ ነው የሚታየኝ።»

አባቴ ሳይመልስ ቀዛፊው ቀና አለ። «አልተሰበረም እህቴ» አለኝ።

«አውቃለሁ። ግን ተሰብሮ ይታየኛል።»

«ውሃ ውስጥ ነዋ። ቀጥ ብሎ ቢታየኝ ነበር የምደነግጠው» አለና ገመዱን ቋጠረ።

አባቴ ቤት እስክንደርስ ብቻውን ይስቅ ነበር። እኔ አኮረፍኩ። ለዚያ መልስ የሚሆን ነገር ሃንድአውቱ ላይ አልነበረም።

የአባቴ ሕግ አንድ ጊዜ ተፈትኗል። አንድ ጠዋት የጎረቤት ጣሪያ ላይ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ራሰ በራ ሽማግሌ ቆሟል አለኝ። ሰላም አላለም። «ሂድ ወዲያ» ቢለው አልሄደም። ወጥቼ አየሁ። አባ ኮዳ ነበር፣ ከዓሣ ገበያው በኩል የመጣ ትልቅ ወፍ፣ ክንፉን አጣጥፎ ቁልቁል ያየናል።

«አለ» አልኩት። «ወፍ ነው።»

«እኔ ሱፐርቫይዘር መስሎኝ» አለ። ከዚያ አሰበበትና፣ «ሕጉ ለሰው ነው፤ ወፍን አይመለከትም» ብሎ ዘጋው። ሰው ሆኖ ሰላም የማይልበት ቦታ ይኖራል ብለን ሁለታችንም አላሰብንም።

እኔም እየቆየ ለመድኩት። መጀመሪያ ላይ «አለ?» ሲለኝ ተነስቼ ሄጄ አይ ነበር። ከዚያ ካለሁበት ሆኜ። ከዚያ አንገቴን ሳላዞር። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «የለም» ስለሆነ «የለም» ማለት ቀላል ሆነ። እየጻፍኩ «የለም»፤ ስልኬን እየነካካሁ «የለም»። ብዙ ጊዜም ልክ ነበርኩ።

የዕድራችን ሰብሳቢ ሚስት ያረፈችው ማክሰኞ ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የአባቴ የቆየ ጎረቤትና ወዳጅ። ድሮ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ሐይቁ ድረስ ደርሰው ይመለሱ ነበር። አባቴ ብስክሌቱን ሲያቆም እሱም አቆመ፤ ጎማው ተበላሽቶ ነው አለ። እስከ ዛሬ አላስጠገነውም።

ቀብሩ ላይ አባቴ አልሄደም፤ ግፊያ አይችልም። ረቡዕ ጠዋት ወደ ልቅሶው ወሰድኩት። የዕድሩ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። ውጪው ፀሐይ ነው፤ ውስጡ ደብዛዛ። ለአባቴ ዓይን ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ከብርሃን ወደ ጥላ ሲገባ ለጥቂት ደቂቃ ዓይኑ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ነው እነሱ የሚበዙት። ክንዱን ይዤው ገባን። በልቅሶ ቤት ወግ ማንም ሰላም አላለንም። ገብተህ ጎንበስ ትላለህ፣ ያገኘኸው ቦታ ትቀመጣለህ፣ ዝም ትላለህ፤ የቀደሙህም ዝም ይላሉ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በረድፍ በረድፍ ተቀምጧል፣ አይናገርም፣ ያየናል። ይህ ለአባቴ ምን ይመስል እንደነበር ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ የማየው ሸራውን ነበር። ስፌቱ ላይ ተበሳስቶ ብርሃን በቀጭን በቀጭኑ ይገባል፤ አንዱ ዘለላ አንዲት አሮጊት ጉልበት ላይ አርፏል። ይህችን በስንኝ ልይዛት፣ ልጽፋት ስልኬን አወጣሁ።

አባቴ ክንዴን ጫን አደረገኝ። በመግቢያው ጥግ፣ ከሌላው ሰው ተነጥሎ፣ ጋቢ እስከ ግንባሩ የተከናነበ አንድ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እግሩ መንገዳችን ላይ ነው።

«አለ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«የለም» አልኩ። የጀመርኩትን ስንኝ እየጨረስኩ ነው ያልኩት።

አባቴ እጁን አወጣና በጀርባው፣ ዶሮ እንደሚባረረው፣ «ሂድ ወዲያ» አለው።

ሰውየው ቀና አለ። ሰብሳቢው ነበር። ቤት ውስጥ ፍራሹ ላይ አድሮ፣ ሙቀቱ ሲያስመርረው አየር ሊያገኝ ወደ ድንኳኑ የወጣ። ዓይኑ አብጧል። አባቴን አየው፣ እጁን አየው፣ ከዚያ እግሩን ሰበሰበለት። አባቴ አልፎት ሄዶ ተቀመጠ። ያላየ የለም።

ገና እንደተቀመጥን አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሰብሳቢው የት ነው? እግዜር ያጥናህ ልበለው።»

«ቤት ውስጥ ነው» አልኩት። የመጀመሪያውን ሳላይ ነው የተናገርኩት፤ ይኸኛውን እያየሁ ዋሸሁ።

ቤት ስንገባ ነገርኩት። ካፖርቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የለም ብለሽኝ ነበር» አለ።

«አላየሁም ነበር አባዬ።»

«አላየሁም ማለት ሌላ ነው፤ የለም ማለት ሌላ ነው።» የማታውን ጠብታ ራሱ ለማድረግ ሞከረና ጉንጩ ላይ አፈሰሰው።

ወንድሜ በዚያው ምሽት ደወለ፤ እሁድ አልነበረም። ከድንኳኑ አንድ ሰው ደውሎለታል። «ሐዘንተኛን ከገዛ ድንኳኑ አባረረ ነው የሚሉኝ» አለ። «አእምሮው ነው። ለምን ደበቅሽኝ? ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ልብሱን አዘጋጂ።» የስልኬ ድምፅ እንደ ወትሮው ከፍ ብሎ ይሰማል።

ያን ምሽት የራሴን ጥርጣሬ ከአባቴ ጥርጣሬ ጋር አስተያየሁት። የእኔ ምንም አያስከፍለኝም ነበር። ብርጭቆው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ከዚያ ሻዩን እጠጣለሁ። አባቴ ግን ከምሩ ነበር የሚጠራጠረው፤ ደረጃውን፣ አጥሩን፣ በገዛ ግቢው ውስጥ የቆመውን ሰው። ከምሩ የሚጠራጠር ሰው ደግሞ የሆነ ነገር ላይ እግሩን ማሳረፍ አለበት፤ አለዚያ ከአልጋው አይወርድም። አባቴ እግሩን ያሳረፈው እኔ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ስልኬን አይ ነበር።

ሐሙስ ሰልስት ነው። ከእንቅልፌ ስነሳ አባቴ ለብሶ በረንዳው ላይ ይጠብቀኛል። «ልብሴን ለቅዳሜ ከማዘጋጀትሽ በፊት እዚያ ሰው ጋ አድርሺኝ» አለ።

በዚህ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የማየውን አየሁ። ሰብሳቢው የት እንደተቀመጠ፣ ከጎኑ ማን እንዳለ፣ መሃል ላይ ስንት ወንበር እንደቆመ። አባቴን ፊቱ ወስጄ አቆምኩት። አባቴ ድምፁን መቀነስ አልተማረም፤ ሲናገር እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል።

«እኔ የሌሉ ሰዎችን አያለሁ» አለ። «ከጀመረኝ ቆይቷል። ደብቄው ነበር። ትላንት አንተንም ከእነሱ ቆጠርኩህ።»

እኔም መናገር ስለነበረብኝ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሳላይ የለም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ምን ታዪ ነበር ታዲያ?»

ብርሃኑን ልበለው? «ስልኬን» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ተወኝ።

«ስንት ናቸው?» አለው አባቴን።

«አንድ ክፍል ይሆናሉ። ዩኒፎርም ለብሰው ነው የሚመጡት። አንተ በጋቢ ነበርክ፤ በዚያ እንኳ ልለይህ ይገባ ነበር።»

«ያለ ዩኒፎርም መጣ ብለህ ነዋ ያባረርከኝ» አለ ሰብሳቢው፤ ሳቀም። ሐዘንተኛ መሆኑ ትዝ ሲለው ጋቢውን አፉ ላይ ያዘ፤ ሳቁ እዚያው ጋቢው ውስጥ ወደ ልቅሶ ዞረ። አባቴ በእጁ እየዳሰሰ እጁን ፈልጎ አገኘው። ከጎኑ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ ሰብሳቢው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔና አባቴ ብቻ በምንሰማው፣ «እኔም ዛሬ ንጋት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ስታነሳ ስትጥል ሰማኋት» አለ። «አለች?»

አባቴ አልቸኮለም። እጁን ሳይለቅ፣ «የለችም ወንድሜ» አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ በመጀመሪያው መኪና መጣ። የግቢው በር ክፍት ነበር። ሰላም ሳይል ገባ፤ በኋላ እንደነገረኝ አባታችን ያለውን ከሌለው ይለይ እንደሆነ ሊያይ ፈልጎ ነው። በረንዳው ፊት ቆመና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አየኝ። አባቴ ሻዩን እንደያዘ አገጩን ቀና አደረገ።

«አለ?»

ወንድሜ ጣቱን አላወረደም። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከደረጃው ወርጄ ክንዱን ያዝኩት።

«አለ» አልኩ። «ልጅህ ነው።»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን ሰላም አይልም?» አለ። «እዚህ ቤት ሰላም የማይል ይባረራል።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ቶሎ አልተነሳም።

ልብሱን አላዘጋጀሁም ነበር። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ፤ በመጨረሻ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ እንሂድ፤ አእምሮህ ነው ካለኝ ሻንጣውን ራሴ እይዛለሁ አለ። ሰኞ ሦስታችንም ዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። ወጣት ሴት ናት። አባቴ ምንጣፉንም፣ ተማሪዎቹንም፣ የተባረረውን ሐዘንተኛም ሲነግራት አልደነቃትም።

«አባባ፣ ዓይን ሥራ ሲያቆም አእምሮ ሥራ አይፈታም» አለችው። «ከውጭ የሚመጣለት ሲያጣ ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ያቀርባል። ይህን የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ የሚናገሩ ግን ጥቂት ናቸው።»

«እብደት አይደለም?» አላት ወንድሜ።

«አባባ ሰዎቹ እንደሌሉ ያውቃሉ አይደል እንዴ? ሲጠራጠሩም ይጠይቃሉ።»

ሊጠፉ ይችላሉ፣ ላይጠፉም ይችላሉ አለች። ጠብታውን በሰዓቱ እንዳደርግለት አስጠነቀቀችኝ። ስንወጣ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዘበኛው ታሟል አላልኩሽም?» አለ። ግጥሙን ከዚያ ወዲህ አላነበብኩትም። ቤቱን ይመታል፤ ግን የጻፍኩት ስለማላውቀው ሰው ነበር።

ወንድሜ ማክሰኞ ብቻውን ተመለሰ። አሁን ሲደውል የእያንዳንዳችንን ጤንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ስለ ማከራየት አያነሳም። አክስቴ ሰምታ ጠበል በጀሪካን ላከች፤ አባቴ ጠጣው፤ ተማሪዎቹ ግን አሁንም ይመጣሉ፣ በተለይ ደመናማ ቀን። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ወሬውን ከሰማ ወዲህ ሰላምታውን ከሩቅ ጀምሮ፣ ማንነቱን ጨምሮ ነው የሚሰጠው፤ የሚያሾፉም አሉ።

ሰብሳቢው ከሁሉም ይብሳል። ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ይቆምና፣ «መምህር፣ ዛሬስ አለሁ?» ይላል፤ ድምፁ ከአጥር ወዲያ ማዶ ይሰማል።

«ቆይ ላጣራ» ይለዋል አባቴ። ከዚያ አገጩን ወደ በሩ ቀና አድርጎ፣ «አለ?» ይለኛል።

እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ተነስቼ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፤ ሰብሳቢው ጋቢውን ለብሶ በእግሩ መጥቶ ቆሟል። አየዋለሁ። «አለ» የምለው ከዚያ በኋላ ነው።